ስም ነጋዴው ራፐር

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ የሩስያ ራፐር ነው። ቲማቲ ይባላል። ቲማቲም አላልኩም። ጦርነትና ማዕቀብ እያለ፣ ነዳጅ እየተወደደ፣ ራፐር ምን ያደርግልናል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። የፑቲንን ሩስያ በሚኒስትሮቿ በኩል ከማየት በዚህ ሰው በኩል ማየት ይቀላል ባይ ነኝ። ሚኒስትሮቹ የሚያደርጉትን ይደብቃሉ፤ እሱ ግን ለሚያደርገው ነገር ሁሉ ክሊፕ ይሠራለታል።

ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ትክክለኛ ስሙ ቲሙር ዩኑሶቭ ነው። በ1983 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ታታር ነው፣ ነጋዴ። እናቱ አይሁድ ናት፤ የእናቱ አባት ደግሞ የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ይመስላል ልጁ በልጅነቱ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ቫዮሊን ተማረ። ከድህነት ወጥቶ ማይክ የጨበጠ ራፐር ታሪክ ለለመደ ሰው ይሄ ታሪክ ግራ ያጋባል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። በነዚያ ዓመታት የብዙ ሩስያውያን ወላጆች ደመወዝ ለወራት ሳይከፈላቸው ይቆዩ ነበር። እሱ ግን በአሥራዎቹ ዕድሜው ሎስ አንጀለስ ተልኮ ተማረ። ይዞት የተመለሰውም የአሜሪካን የክለብ ሕይወትና የሂፕ ሆፕ ፍቅር ነው።

በ1998 ከጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያ ቡድኑን አቋቋመ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ "ቪአይፒ 77"። 77 የሞስኮ መኪኖች ታርጋ ላይ የሚጻፍ የከተማው ቁጥር ነው። ያ ዓመት ሩብል የወደቀበት፣ ባንኮች በር የዘጉበት፣ ሰው የቆጠበውን ያጣበት ዓመት ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚያ ዓመት ራሱን "ቪአይፒ" ብሎ ሰየመ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ይሄኛው መልአክ ገበያ የሚያውቅ ነበር።

ታሪኩን ለመረዳት ግን ሌላ ልጅ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዴትስል። ኪሪል ቶልማትስኪ ነው ስሙ፣ እሱም የ1983 ልጅ። አባቱ ታዋቂ ፕሮዲውሰር ስለነበሩ ልጃቸውን ኮከብ ለማድረግ ወሰኑ፤ አደረጉትም። የሩስያ ኤምቲቪ ሥራ የጀመረው በዚያው በ1998፣ ሩብል በወደቀ በወሩ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያሳየው ክሊፕ ያስፈልገው ነበርና ዴትስል ባዶውን ሞላው። ፀጉሩን ድሬድ የተሠራ፣ ሰፊ ሱሪ የለበሰ ልጅ፤ የፔፕሲ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ታየ። በ2000 በወጣው "ቬቼሪንካ" በሚባለው ክሊፕ ውስጥ ከዴትስል ጎን የሚታየው ጎረምሳ ቲማቲ ነው። ያኔ ሥራው መድረክ ላይ ከኋላ ሆኖ ማጀብ ነበር።

እኔ ለዴትስል አዝናለሁ። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ተለያየ። ስሙንም ጣለና "ለ ትሩክ" በሚል አዲስ ስም አልበም አወጣ። አድማጩ ግን አብሮት አልሄደም። ሰው የሚወደው የለመደውን ስም ነው፤ ዘፈኑ ቢሻሻል እንኳ ስሙ ከተቀየረ ገበያው ባዕድ ይሆንብሃል። ኋላ ወደ ዴትስል ተመለሰ፣ መሥራቱንም አላቆመም፤ የያኔው ጩኸት ግን አልተመለሰም። በየካቲት 2019 ኢዝሄቭስክ ከተማ ከኮንሰርት በኋላ ልቡ ቆሞ በ35 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ሁሉ ቲማቲ ከኋላ ቆሞ አይቷል። ከድምፅ ይልቅ ስም እንደሚሸጥ የተማረው ያኔ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ይህን ትምህርት የተከተለ ነው።

በ2004 የአገሪቱ ትልቁ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያዘጋጀው "የኮከቦች ፋብሪካ" ውድድር አራተኛው ዙር ላይ ገባ። አላሸነፈም፤ ያሸነፈችው ኢሪና ዱብጾቫ ናት። ከዚያ "ባንዳ" የሚባል ቡድን ይዞ ወጣ። (እኛ ዘንድ ባንዳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እነሱ ዘንድ የወሮበላ ቡድን እንደማለት ነው።) ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ ገና ወጣት የነበረው ራትሚር ሺሽኮቭ፣ በ2007 በመኪና አደጋ ሞተ። ቡድኑም ብዙ አልቆየም።

በ2006 ቲማቲ "ብላክ ስታር" የሚል አልበም አወጣ፤ በዚያው ስም የሙዚቃ ኩባንያ ከፈተ። ልብስ መሸጫም በዚያው ስም ተከፈተ። በ2016 በርገር ቤት መጣ። በርገሩ ከጥቁር የላስቲክ ጓንት ጋር ነው የሚቀርበው፤ ሞስኮ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ይገዛ ነበር። በመሀል ከስኑፕ ዶግ ጋር ሠራ፣ ከፒ ዲዲ ጋር ሠራ። በ2011 ስለ ሴንት ትሮፔ የዘፈነው ደግሞ የስዊሱ ዲጄ አንቷን እንደገና ሲያቀናብረው በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ሰንጠረዥ አናት አካባቢ ደረሰ። አንድ የሩስያ ራፐር አውሮፓ ክለቦች ውስጥ ሲያስጨፍር ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ዘፈኑን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፣ የማን እንደሆነ ሳታውቁ።

ስለ ብላክ ስታር ውል ግን ቆም ብዬ ላውራ፤ የዚህ ሰው ሙያ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወጣት ድምፃዊ ይመጣል። ኩባንያው ስቱዲዮ ያስገባዋል፣ ክሊፕ ይሠራለታል፣ ያለብሰዋል። በምላሹ የመድረክ ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ በኩባንያው ይያዛል፣ ዘፈኖቹም የኩባንያው ይሆናሉ። ውሉ ሲያልቅ ሰውየው ይወጣል፤ ስሙ ግን ቢሮ ውስጥ ይቀራል። ሌቫን ጎሮዚያ በዚህ መንገድ ነው የወጣው። ሕዝቡ የሚያውቀው "ኤል ዋን" በሚል ስም ነበር፤ ከብላክ ስታር ኮከቦች አንዱ። በ2019 ሲለያዩ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሰውየው የራሱን ዘፈን መድረክ ላይ እንዳይዘፍን፣ በስሙም እንዳይጠራ ተከለከለና እናቱ ባወጣችለት ስም መሥራት ጀመረ። ክሪስቲና ሲ የምትባለው ዘፋኝም እንዲሁ ስሟን ትታ ነው የወጣችው። ዬጎር ክሪድ ግን ተደራድሮ ስሙን ይዞ ወጣ፤ ጉልበት ያለው ይደራደራል።

ኩባንያው ምን ጥፋት አለበት፣ ገንዘብ ያወጣው እሱ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ገንዘብ ወጥቷል። ላወጣው ገንዘብ ከዘፈኑ ገቢ ድርሻ ቢወስድ ማንም አይከራከረውም። ሰው የተጠራበትን ስም መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ከበር ሲወጣ እንደገና ማንም እንዳይሆን የሚያደርግ ውል ነው። ከሁሉ የሚገርመው ቲማቲ ራሱ በ2020 ከብላክ ስታር ሲለቅ፣ በገዛ አልበሙ ስም የከፈተውን ስም ለሸሪኮቹ ትቶ መሄዱ ነው። ለሌላው የሠራው በር እሱንም አወጣው። ልዩነቱ እሱ ሲወጣ ኪሱ ሙሉ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ።

ቲማቲ ለፑቲን ያለውን ድጋፍ ደብቆ አያውቅም። በ2015 ደግሞ ከሳሻ ቼስት ጋር ፕሬዚዳንቱን "ምርጥ ወዳጄ" የሚል ዘፈን አወጣ። የወጣበት ቀን ኦክቶበር 7 ነው፤ የፑቲን ልደት። ክሊፑ ውስጥ የፑቲንን ፊት ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ይታያሉ። ከቼችንያው ራምዛን ካዲሮቭ ጋርም ወዳጅነት መሠረተ፤ ፎቶዎቻቸውን ያላየ የለም። ያኔ ብዙ ሰው የሳቀ ይመስለኛል። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

በ2018 መጨረሻ የሩስያ ባለሥልጣናት የራፐሮችን ኮንሰርት በየከተማው መሰረዝ ጀመሩ። ሀስኪ የሚባለው ራፐር ክራስኖዳር ላይ ኮንሰርቱ ሲሰረዝ መኪና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለአድናቂዎቹ ዘፈነ፤ 12 ቀን እስር ተፈረደበት። ኦክሲሚሮን፣ ባስታና ኖይዝ ኤምሲ ሞስኮ ውስጥ ለሱ የድጋፍ ኮንሰርት ጠሩ። ሰውየው ቅጣቱን ሳይጨርስ በዚያው ዕለት ተፈታ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ፑቲን ስለ ራፕ ተናገሩ። ፍሬ ነገሩ፣ ራፕ የቆመው በወሲብ፣ በአደንዛዥ ዕፅና በተቃውሞ ላይ ነው፤ ማቆም ካልተቻለ መምራትና አቅጣጫ ማስያዝ ይሻላል የሚል ነው። እኔ ይህን ንግግር ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ ቲማቲ ነው። የተመራ ራፕ ምን እንደሚመስል ሀገሩ ቀድሞ አይቷልና።

በ2019 በጋ ሞስኮ ለከተማዋ ምክር ቤት ምርጫ ስትዘጋጅ ነፃ ዕጩዎች አትወዳደሩም ተባሉ። ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ጁላይ 27 ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ፖሊስ ወጣቶችን አስፋልት ላይ ሲጎትት የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ምርጫው ሴፕቴምበር 8 ነበር። በዋዜማው ቲማቲ ጉፍ ከሚባለው ራፐር ጋር "ሞስኮ" የሚል ክሊፕ ለቀቀ። ከተማዋ ምንኛ እንዳማረባት፣ እንዴት ጸጥ ያለች እንደሆነች፣ ሰልፍና ጩኸት እንደማይሻ ይናገራል። የከንቲባው ስም ይነሳል፣ በርገርም ይነሳል። እኛ አዝማሪን እናውቃለን፤ ጌታውን ሲያሞግስ እንኳ ሰሙ ውስጥ ትንሽ ወርቅ ይሸጉጣል፣ የገባው ይስቃል። በዚህ ዘፈን ውስጥ ግን ከላይ እስከ ታች ሰም ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው የሩስያ ዩቲዩብ አይቶት የማያውቅ ነገር ነው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክሊፑ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ዲስላይክ ተቆለለበት። ጉፍ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከምርጫ ጋር የተያያዘ መሆኑን አላውቅም ነበር አለ። ቲማቲ ማንም እንዳልከፈለው ተናግሮ ክሊፑን አወረደው። ወጣቱ የምርጫ ካርድ ላይ የሚፈልገው ሰው ስም ስላልነበረ ድምፁን ዩቲዩብ ላይ ሰጠ። ያ ቁጥር ከሩስያ የሕዝብ አስተያየት መጠይቆች ሁሉ ይልቅ ለኔ እውነተኛ ይመስለኛል፤ ማንም በር አንኳኩቶ የጠየቀው ሰው አልነበረምና።

ግን ልብ በሉ። ሰውየው ምን ደረሰበት? ምንም። ዩቲዩብ ላይ የተሸነፈ ሰው ገበያ ላይ አልተሸነፈም።

በማርች 2022፣ ጦሩ ዩክሬን ከገባ በኋላ፣ ስታርባክስ ሩስያ ውስጥ ሥራ አቆመ፤ በሜይ ደግሞ ጨርሶ መውጣቱን አስታወቀ። 130 ቡና ቤቶች ነበሩት፤ በፈቃድ ያሠራቸው የነበረው የኩዌቱ አልሻያ ኩባንያ ነው። የገዙት ቲማቲና አንቶን ፒንስኪ የሚባል የምግብ ቤት ባለሀብት ከሸሪኮቻቸው ጋር ናቸው። በኦገስት "ስታርስ ኮፊ" ብለው ከፈቱ። የድሮዋ አርማ ላይ የነበረችው ባለ ዓሣ ጅራት ሴት ወጥታ ኮኮሽኒክ የሚባለውን የሩስያ የሴቶች የራስ ጌጥ የደፋች ሴት ገባች። ፊት ለፊት ስታያት እኅቷ ናት። "ባክስ" ሄደ፣ "ስታርስ" ቀረ።

እኔ ይህን ዜና ሳነብ ከብዙዎቻችሁ በተለየ ዓይን ነው ያነበብኩት። በ2006 አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቤት የሰነድ ሠራተኛ ነበርኩ። የናሙና ከረጢት ላይ "ይርጋጨፌ" እና "ሲዳሞ" እያልኩ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ በቀን ስንቴ እንደምጽፈው አልቆጠርኩም። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የምሳ ሰዓት ወሬ ሁሉ ስለ ስታርባክስ ነበር። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች አሜሪካ ውስጥ የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመልክቶ ነበር። ይርጋጨፌ አለፈ። በሲዳሞና በሐረር ላይ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ስታርባክስ ከኛ ቀድሞ "ሲዳሞ" የሚል ቃል ያለበት የቡና ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ እንደነበርም ተሰማ። ስታርባክስ የንግድ ምልክት ይቅር፣ ቡናው የሚበቅልበትን ቦታ የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ይሁን አለ። የኛዎቹ መልስ ሚሊዮን ገበሬ ቡናውን በትከሻና በአህያ እያወረደ ለሰብሳቢ በሚሸጥበት አገር እያንዳንዱን ከረጢት ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ አይቻልም የሚል ነበር። ኦክስፋም ዘመቻ ጀመረ። በጁን 2007 ስምምነት ተፈረመ፤ ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀብሎ፣ ያለ ክፍያ በፈቃድ ለመጠቀም ተስማማ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ስታርባክስ የመጀመሪያ ቡና ቤቱን ሞስኮ አጠገብ ኪምኪ ላይ ከፈተ። ለምን እስከዚያ ዘገየ? ይሄኛውም የስም ጉዳይ ነው። አንድ ሩስያዊ "ስታርባክስ" የሚለውን ስም በራሱ አስመዝግቦ፣ ስሙን ከፈለጋችሁ 600,000 ዶላር አምጡ ብሎ ነበር። ኩባንያው ተሟግቶ በ2005 ስሙን አስመለሰ። የሰውየውን ድፍረት መናቅ አልችልም። ኩባንያው ግን በሞስኮ "ስማችን ተወሰደ" ብሎ ሲጮኽ፣ በዋሽንግተን "ሲዳሞ የማንም ቃል ነው" ከሚሉት ጋር መቆሙ አሁንም ያስቀኛል።

እንግዲህ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው ቲማቲ የደረሰው። ለፍርድ ቤት ክርክር አልተቸገረም፤ ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ እየሸሸ ነበር። ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ነው። ማዕቀብ ከጣሉ አገሮች የመጣ ኩባንያ ሩስያ ውስጥ ያለውን ንብረት ለመሸጥ የመንግሥት ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልገው ጀመር፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከተገመተው ዋጋ ቢያንስ በግማሽ ቀንሶ እንዲሸጥ ተደነገገ። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ብር ያለው ብዙ ነው፤ ብርም ያለው፣ ባለሥልጣን ስሙን ሲሰማ ፊቱ የማይጠቁርበትም ሰው ግን ጥቂት ነው። ቲማቲ ከ2015 ጀምሮ ሲያጠራቅም የኖረው ይህን ነው። የልደት ዘፈን ነፃ ስጦታ ይመስላል፤ እኔ ግን እንደ ቅድሚያ ክፍያ ነው የማየው። በ2023 ዶሚኖስ ፒዛ ሲወጣ 140 ያህል ቤቶቹን የወሰዱት እነዚሁ ቲማቲና ፒንስኪ ናቸው። ዶሚኖስ "ዶሚኖ" ሆነ፤ ከመጨረሻው "ስ"ን አነሱለት፣ ሌላው እንዳለ ቀጠለ።

ቲማቲ ቡና ቤቱን በከፈተበት በዚያው በ2022 ሌሎቹ ራፐሮች የት ነበሩ? ኦክሲሚሮን በሩስያ የያዘውን ኮንሰርት ሰርዞ በኢስታንቡል፣ በለንደንና በበርሊን ለዩክሬን ስደተኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘፈነ። ኖይዝ ኤምሲ አገር ለቀቀ። ከኡፋ የተነሳው፣ በአንድ ወቅት ከቲማቲ ጋር ዘፈን የሠራው ሞርገንሽተርን ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 መጨረሻ ወደ ዱባይ ወጥቶ ነበር። ሦስቱም በዚያ ዓመት "የውጭ ወኪል" ተብለው ተፈረጁ፤ መጀመሪያ ሞርገንሽተርን በሜይ፣ ሌሎቹ በመኸር። የተፈረጀ ሰው በሚያወጣው ነገር ሁሉ ላይ የውጭ ወኪል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት። የሩስያ ጋዜጣም ስማቸውን ሲያነሳ ያን ማብራሪያ አብሮ መጻፍ ይገደዳል፤ ዜናው ስለ አልበም ቢሆንም፣ ስለ ሠርግ ቢሆንም።